ሌባ የተባለው መልእክት

ጡረታ የወጣችውን የጂኦግራፊ መምህርት ሰፈሩ የሚያውቃት «አንባቢዋ» በሚል ስም ነው። ማየት ለተሳናቸው ተማሪዎች የመማሪያ መጻሕፍትን በድምጿ እየቀዳች በራሷ ድረ ገጽ ላይ ታስቀምጣለች። የምትቀዳው ቁም ሳጥን ውስጥ ገብታ ነው፤ ካፖርቶቹ የመንገዱን ጫጫታ ይውጡላታል። ባሏ ዕድሜውን የአውቶቡስ መሪ ጨብጦ የጨረሰ ሰው ነው። «ሚስትህ የት አለች?» ሲሉት «ተሰቅላለች» እያለ ይመልሳል።

ይህች ሴት አንድ ጊዜ ተታልላለች። «ሽልማት ደርሶሻል፣ እዚህ ጋ ተጫኚ» የሚል መልእክት መጣላት፤ ተጫነች፤ ስልኳ ውስጥ ያለው ሁሉ የሌላ ሰው ሆኖ አረፈው። ሌባው በስሟ ለዘመድ አዝማዷ ሁሉ «ቸግሮኛል» እያለ ሲጽፍ ሰነበተ። እውነተኛ ዘመዶቼን የለየሁት ያን ጊዜ ነው ትላለች። እባብ ያየ በልጥ በረየ እንዲሉ፣ ከዚያ ወዲህ በቤቱ አንድ ሕግ ወጣ፤ ከማይታወቅ ሰው የመጣ ሊንክ አይነካም።

እንግዲህ ድረ ገጽ ስም አለው፤ ስሙን የሚመዘግብ ድርጅት ደግሞ አለ። ያ ድርጅት አንድ ቀን «ይህን ሊንክ ተጭነው አድራሻዎን ያረጋግጡ፤ አለበለዚያ የድረ ገጽዎ ስም ይታገዳል» ብሎ ጻፈላት። ሳቀችና አጠፋችው። ደግሞ ጻፈ፤ ደግሞ አጠፋችው። «ይሄ ዓይን አውጣ፣ ጭራሽ ያስፈራራኛል» እያለች ለጎረቤቱ ሁሉ አወራች። ባሏም «የኔ ሚስት ሁለተኛ አትታለልም» ብሎ ኮራባት። እውነት እንነጋገር ከተባለ ጥፋቱ የእሷ ብቻ አልነበረም። ጨዋው ድርጅትም የጻፈው ልክ ሌባው እንደሚጽፈው ነበር፤ ታዲያ ሰው በምን ይለያቸው?

ከዚያ አንድ ጠዋት ስልኳ ጮኸ። አንድ የሕግ ተማሪ ነበር፤ ከልጅነቱ ጀምሮ የእሷን ድምፅ እየሰማ የተማረ ልጅ።

«እትዬ፣ ገጹ እምቢ አለኝ። ስልኬ "ይህ ስም ታግዷል" እያለ ያነብልኛል።»

«እስቲ እንደገና ሞክር ልጄ።»

«እኔም ጓደኞቼም ሞከርን። ነገ እኮ ፈተና ነው፤ የማስረጃ ሕጉ የመጨረሻ ምዕራፍ ይቀረናል።»

ኮምፒውተሯ አሮጌ ስለሆነ እንዳይሞላባት ብላ የቀዳችውን ሁሉ ገጹ ላይ ካስቀመጠች በኋላ ከቤት ታጠፋዋለች። ወደ ቀረጻዎቹ የምትገባበት በር ደግሞ ያው የታገደው ስም ነው። የዓመታት ድካሟ ሁሉ ተቆልፎባት ቀረ፤ ለልጁ የምትልክለት አንዲት ቀረጻ እንኳ በእጇ የለችም። ከመኝታ ቤት ሳሎን፣ ከሳሎን ኩሽና ስትመላለስ ባሏ መንገዷን ለመልቀቅ ሦስቴ ወንበር ቀየረ።

«ያ ሌባ እውነተኛው ድርጅት ነበራ» አለ በመጨረሻ፣ ቀስ ብሎ።

ስሙን ሲገዙ የመጣላቸውን የድሮ መልእክት ፈልጋ ስልክ ቁጥሩን አገኘችና ደወለች። አንድ ትሑት ድምፅ ያለው ሠራተኛ ጉዳዩን ሰምቶ «ችግር የለም፣ አሁን አዲስ ሊንክ እልክልዎታለሁ፤ ይጫኑት» አላት።

«አንተስ ሌባ አለመሆንህን በምን አውቃለሁ?»

«እናቴ፣ የደወሉልን እኮ እርስዎ ነዎት።»

ባሏ ሳቁን በእጁ አፈነ። ሊንኩ መጣ። ጣቷን አንስታ ስክሪኑ ላይ አቆየችው፤ የድሮው ውርደት እንደ አዲስ ፊቷን አቃጠላት። ከዚያ ዓይኗን ጨፍና ተጫነችው። ሠራተኛው አመሰገናትና «ስሙ እስኪመለስ ሰዓታት ሊወስድ ይችላል፣ አንዳንዴ እስከ ነገም ይቆያል» ብሎ ዘጋ።

እስከ ነገ! ለልጁ ነገ ማለት ፈተናው ራሱ ነው። ገጹን ከፈተች፤ ታግዷል። እጇን ታጥባ መጥታ ከፈተች፤ ታግዷል። ባሏ «እሱን ስልክ ብትተዪው ይሻላል፣ ስላፈጠጥሽበት አይከፈት» ሲላት ተቆጣችው፤ ወዲያው ደግሞ እውነቱን መሆኑ ገባት። የማስረጃ ሕጉ መጽሐፍ መደርደሪያው ላይ ነበር። አወረደችውና አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ተማሪው ጋ ደወለች።

«ጓደኞችህ አጠገብህ አሉ?»

«አሉ እትዬ።»

«ድምፁን ክፈተውና ስሙ። አነብላችኋለሁ።»

አነበበች። ከውጭ የመኪና ጥሩምባ ይገባል፣ የጎረቤት በር ይጋጫል፣ ጉሮሮዋ ይደርቃል፤ ስትሳሳት ደግማ ለማንበብ ጊዜ የለም። እንዲህ አድርጋ አንብባ አታውቅም። ቸኮለች፤ አንዳንዱን ቃል ዋጠችው፤ የግርጌ ማስታወሻዎቹን ዘለለቻቸው። ምዕራፉ አለቀ ስትለው ይረዝማል። በዚያ ላይ ቀኑ ሊመሽ ነው።

ምዕራፉ ሲጋመስ ባሏ ስልኩን ከፍ አድርጎ እንደያዘ እየተንደረደረ ገባ። ገጹ ተከፍቷል። ቀረጻዎቹ ሁሉ በቦታቸው አሉ።

«ልጄ፣ እግዜር ይመስገን ተከፈተ» አለች፤ ከትከሻዋ ላይ ሸክም እንደወረደላት ተሰማት። «በሉ ከዚያ ስሙት፤ እዚያ ያለው ጥርት ብሎ የተቀዳ ነው።»

ተማሪው እንዳይከፋት ድምፁን ዝቅ አድርጎ ተናገረ።

«ይቀጥሉልን እትዬ። ያ እኮ የተከፈተው እስኪዘጋ ነው። ይሄኛውን ሁላችንም በየስልካችን እየቀዳነው ነው።»

ያን ሁሉ ዘመን ቁም ሳጥን ውስጥ የቀዳችውን አሰበች። ሰው ሊያምነው የፈለገው ግን ይህንን፣ ጥሩምባ የገባበትን፣ የተቻኮለውን ነው። ቢሆንም ልጁ እውነቱን ነው።

ባሏ አሁንም በሩ ላይ ቆሞ «የመጀመሪያው ቀረጻሽም ተመልሷል፣ የሁለተኛ ደረጃው ባዮሎጂም...» ይላል።

እጇን አንስታ አስቆመችው።

«ዝም በል» አለችው፣ «እየቀዱኝ ነው።»

መጽሐፉን ወደ ኋላ ገለጠችና ከምዕራፉ ርእስ ጀምራ፣ የግርጌ ማስታወሻውንም ሳትዘል፣ እንደገና ማንበብ ጀመረች።