ቀድሞኝ የደረሰው ፈቃድ

ማክሰኞ ጠዋት ከሥራ አስፈቅጄ የካውንቲው አስተዳደር ቢሮ መስኮት ፊት ቆሜያለሁ። የመጣሁት አንድ ነገር ልጠይቅ ነው... ሽጉጥ ደብቄ ለመያዝ ያመለከትኩት ፈቃድ መቼ ነው የሚደርሰው?

የምታውቁኝ ሰዎች ይሄን ስታነቡ እንደሚገርማችሁ አውቃለሁ። እኔንም ይገርመኛል። ዶሮ ሲታረድ እንኳ ፊቴን የማዞር ሰው ነኝ። በስደት በምኖርበት አውሮራ ከተማ አንድ የአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ነው የምሠራው፤ ቀኑን ሙሉ ሰው ሳጥብና ሳጎርስ እውላለሁ። ግን ከሰለሞን ጋር ከተፋታን ወዲህ፣ ሺፍቴን ጨርሼ ስወጣ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ፓርኪንጉ ውስጥ መኪናዬን ተደግፎ ቆሞ ነው የማገኘው። አንድ ቀን ክንዴን ጠምዝዞ «የትም ብትሄጂ የኔ ነሽ» አለኝ። ክንዴ በልዞ ሰነበተ።

ያን ቀን ፖሊስ ልጠራ ነው ብዬ መጀመሪያ ለጋሽ በላቸው ደወልኩ። ስንጋባ ሽማግሌ የነበሩ፣ እንደ አባት የማያቸው ሰው ናቸው።

«የኔ ልጅ፣ ፖሊስ ምን ያደርግልሻል? ስሙ አንዴ መዝገብ ላይ ከሰፈረ ሥራውም ወረቀቱም ይበላሽበታል። ነገሩን ለእኛ ተዪው፤ እንመክረዋለን» አሉኝ።

ተውኩላቸው። መከሩት። እሱም «አጥፍቻለሁ» ብሎ ጉልበታቸውን ስሞ ሄደ... በሳምንቱ መኪናዬን ተደግፎ አገኘሁት።

ከዚያ በኋላ ነው ያመለከትኩት። ሊትልተን ድረስ ሄጄ የተኩስ ኮርሱን ወሰድኩ፤ የወረቀት ኢላማ ላይ ተኮስኩ። አሻራ ለመስጠት አፖይንትመንቱ ራሱ ወረፋ አለው። እሱንም ጠብቄ ሰጠሁ። ከዚያ በኋላ ያለው መጠበቅ ብቻ ነው።

መስኮቱ ጋ ያለችው ልጅ ትሁት ናት። ኮምፒውተሯን አየት አድርጋ «የወንጀል መዝገብሽ ተጣርቶ አላለቀም። ሕጉ እስከ ሦስት ወር ጊዜ ይሰጠናል፤ ያመለከተው ሰው ደግሞ ብዙ ነው» አለችኝ።

«የምፈራው ሰው አለ» አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝና ድምጿን ዝቅ አደረገች። «እንደሱ ከሆነ አስቸኳይ ጊዜያዊ ፈቃድ መጠየቅ ትችያለሽ። አደጋ ላይ መሆንሽን የሚያሳይ ነገር አለሽ? የፖሊስ ሪፖርት... የፍርድ ቤት ትእዛዝ...»

«የለኝም።»

«ምንም?»

ነገሩን ሽማግሌ ይዞታል የሚለውን በእንግሊዝኛ እንዴት ብዬ ልንገራት? አመስግኛት ወጣሁ።

ቅዳሜ ዕለት ጋሽ በላቸው «ለመጨረሻ ጊዜ ተነጋገሩና ይብቃችሁ» ብለው ሁለታችንንም ሞንትቤሎ ሰፈር ያለው ቤታቸው ጠሩን። ሰለሞን ፊት ለፊቴ ሶፋው ላይ ተቀመጠ። የጋሽ በላቸው ባለቤት እትዬ አስካለ ሻይ አመጡ። ሰለሞን ብርጭቆውን ለመቀበል ጎንበስ ሲል ጃኬቱ ከኋላ ተሰበሰበ... ወገቡ ላይ ጥቁር ነገር አየሁ።

«ጋሽ በላቸው፣ ሽጉጥ ይዟል» አልኩ።

እትዬ አስካለ ወደ ወገቡ አዩ። ሰለሞን ግን ምንም አልደነገጠም። ሻዩን አስቀመጠ፣ ዋሌቱን አወጣ፣ አንድ ካርድ መዝዞ ለጋሽ በላቸው ሰጣቸው። መነጽራቸውን አድርገው አገላብጠው አዩት። ፊታቸው ፈታ ሲል አየሁ።

«ፈቃድ አለው፤ ሕጋዊ ነው እኮ የኔ ልጅ። ታክሲ ስለሚነዳ ለራሱ ሰግቶ ነው። ደግሞስ ጥፋት ያለበት ሰው ቢሆን መንግሥት ይሰጠው ነበር?»

መዝገቡ ንጹህ ነው። ያጸዱለት ሰው ደግሞ ካርዱን ይዘው ፊቴ ተቀምጠዋል።

ሰለሞን ካርዱን ተቀብሎ ዋሌቱን ኪሱ እየከተተ ፈገግ አለ። «አንቺም አመልክተሻል አሉ። አይዞሽ፣ ይደርስሻል።»

ማመልከቴን የነገርኩት ለጋሽ በላቸው ብቻ ነበር።

ቦርሳዬን አንስቼ ወጣሁ። መኪናዬን ከፍቼ ልገባ ስል እትዬ አስካለ በነጠላ ጫማ እየሮጡ መጡ። ከእሳቸው ጋር ከሰላምታ በቀር ብዙ አውርተን አናውቅም።

«ሰኞ ጠዋት መጥተሽ ውሰጂኝ» አሉኝ።

«ወዴት እትዬ?»

«ፍርድ ቤት ነዋ። ያን ጊዜ ቤተ ክርስቲያን ስንገናኝ ክንድሽ በልዞ አይቻለሁ። ዛሬም ሽጉጡን አይቻለሁ። የጠየቁኝን እናገራለሁ።»

«ጋሽ በላቸውስ?»

«ይቆጡ» አሉኝ። «እኔም ስንት ዓመት ስቆጣ ማን ጠየቀኝ?»

ሰኞ ሄድን። ሰለሞን እንዳይቀርበኝ ጊዜያዊ እገዳ የዚያኑ ቀን ወጣ። ዋናው ቀጠሮ ሲደርስ እትዬ አስካለ በአስተርጓሚ ያዩትን አንድ በአንድ ተናገሩ፤ አንዲት ቃል አልጨመሩም፣ አልቀነሱም። ሰለሞን አንገቱን ደፍቶ ነበር። ዳኛዋ እንዳይደርስብኝ አገደችው፤ ሽጉጡን እንዲያስረክብም አዘዘችው። ፈቃዱም ተሰረዘ።

የኔው እስከ ዛሬ አልመጣም። ጋሽ በላቸው አያናግሩኝም፤ እትዬንም ቤት ውስጥ አኩርፈዋቸዋል አሉ። እትዬ ግን በየሳምንቱ ይደውሉልኛል።

ባለፈው እሁድ ከቅዳሴ ስንወጣ አንዷ ለጓደኛዋ፣ እኔ እንድሰማ አድርጋ፣ «ልጁን ሽማግሌ ረግጣ፣ ፍርድ ቤት ገትራ፣ ትጥቅ አስፈታችው እኮ!» አለቻት።

ዞር ብዬ አየኋትና... «አዎ፣ አስፈትቼዋለሁ» አልኳት።