ጠብቆ ነው ላልቶ?

አሁን ነው የገባነው። እህቴ አንዱን ጫማዋን በእጇ ይዛ ነው የመጣችው፤ የአሠሪያችንን የሚስተርን መኪና ስታሳድድ ማሰሪያው ተበጠሰባት። ገና በሩን ሳትዘጋ ግንባሯን በመዳፏ ጧ አድርጋ መታችና፣ "አዲስ ማሽን ይመጣል ወይ ብዬ ብጠይቀው ምን ነበረበት? እንዴት እንደሚባል እኮ አውቀዋለሁ!" አለች። ከዛ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ ያንኑ ጥያቄ በቻይንኛ ትደጋግመው ጀመር። እኔ ደሞ እንዲህ ሲሆን እጄ ሥራ ካልያዘ አይሆንልኝም። ለዛ ነው የምጽፈው። ከሰባተኛ ክፍል ያቆምኩ ነኝ፣ ፊደል ከገደፍኩ እለፉኝ።

እህቴና እኔ አንድ የልብስ ስፌት ፋብሪካ ነው የምንሠራው። እሷ ኮሌታ ትሰፋለች፣ እኔ ከተሰፋው ላይ የተረፈ ክር እቆርጣለሁ። ባለቤቱ ቻይናዊ ነው፤ ሁላችንም ሚስተር ነው የምንለው። ድሮ አስተርጓሚ ነበረው። ሚስተር እጁን እያወናጨፈ፣ ፊቱ እስኪቀላ ያወራ ያወራና ሲጨርስ፣ አስተርጓሚው ወደኛ ዞሮ "ፍጠኑ ነው የሚላችሁ" ይላል። በቃ። አንድ ቀን እህቴ፣ "የቀረውንስ የት አደረስከው? ዋጥከው?" አለችው። ሰው ሁሉ ሳቀ። እሱም ሳቀና፣ "ከፈለግሽ ራስሽ ተማሪያ!" አላት።

ቀልዱን ነበር። እሷ ግን የምሯን ያዘችው።

መጀመሪያ ስልኳ ላይ ትምህርት ጫነች። ስክሪኑ የተሰነጠቀ ስልክ ነው፣ ግማሹ ፊደል አይታይም፤ ስለዚህ በጆሮዋ ብቻ ጀመረች። አንዷን ማዳመጫ በሻሿ ሥር ትሰካና ኮሌታ እየሰፋች ታጉተመትማለች። ማሽኑ ስለሚጮህ ማንም አይሰማኝም ብላ ነው። እንሰማለን እንጂ! "ሬድዮ" ያልናት ያኔ ነው። "ሬድዮ፣ ዛሬ ዜና የለም?" ሲሏት በቻይንኛ ሰላምታ ሰጥታ ስፌቷን ትቀጥላለች። ከዛ የጨርቅ ካርቶን ላይ የተጻፈውን እየቀደደች ቤት ማምጣት ጀመረች። ከዛ ቃል መለጠፍ መጣ፤ ጀሪካኑ ላይ፣ መስታወቱ ላይ፣ በሩ ላይ። አንድ ጠዋት ብነሳ ትራሴ ላይ ወረቀት አለ። "ምን የሚል ነው ይሄ?" ብላት፣ "ሰነፍ" አለችኝ።

የራሷን ድምፅ እየቀዳችም ከስልኩ ሴትዮ ድምፅ ጋር ታስተያያለች። ዳኛዋ እኔ ነኝ። "ይመሳሰላል?" "አይመሳሰልም።" "አሁንስ?" "ኧረ በእናትሽ!"

ያስቸገራት ዜማው ነው። ያው አንዱ ቃል ድምፁ ሲወጣ ሌላ፣ ሲወርድ ሌላ ይሆናል። ልትተወው ምንም አልቀራትም ነበር። ያዳኗት እትዬ ቁልፍ ናቸው። የሸሚዝ ቁልፍ የሚተክሉት ትልቅ ሴትዮ ናቸው፣ ለዛ ነው እንደዛ የምንላቸው። ምሳ ሰዓት ላይ፣ "እዚህ ቤት እኮ ሰው ይበላል" አሉ። አንዷ፣ "እትዬ፣ ጠብቆ ነው ላልቶ? ይጎርሳል ነው ወይስ ይጎረሳል?" አለቻቸው። "እሱን አንቺ ጨርሺው" ብለው ጎረሱ። እኛ ስንንከተከት እህቴ ብድግ አለች። "ይሄው እኮ ነው! እኛም አለን!"

ከዛን ቀን ጀምሮ ዜማውን እንደ ማጥበቅና ማላላት ያዘችው። "ማይ" የሚለውን ቃል ያስተማረችኝም ያኔ ነው። ዝቅ፣ ጎንበስ ብሎ ቀና ሲል መግዛት ነው። ከላይ ቁልቁል ሲወድቅ መሸጥ ነው። "ገበያውን በአንድ ቃል ጨረሱት!" ብዬ ሳቅኩ።

ዛሬ ግን አልሳቅኩም።

አስተርጓሚው ሥራ ለቆ ከሄደ ሰንብቷል። ዛሬ ጠዋት ሚስተር መጋዘኑ በር ላይ ቆሞ በስልክ ሲጮህ "ሚንትየን" አለ፤ ነገ ማለት ነው። ቀጥሎ "ማይ ጂቺ" አለ። ጂቺ ማሽን ነው። በካውያ የምትተኩሰው ልጅ ከአስተርጓሚው ቃል ለቃቅማለችና፣ "ማይ መሸጥ ነው! ማሽኖቹን ሊሸጣቸው ነው! ተበላን!" ብላ ጮኸች።

ከመንገዱ ማዶ ያለው ፋብሪካ ልብስ ሰፊ ሲመዘግብ ከርሞ ምዝገባው ዛሬ ነው የሚዘጋው። ከኛ ጋ ጥሎ የሄደ ደሞ ተመልሶ አይገባም። ሴቶቹ ሽርጣቸውን መፍታት ጀመሩ። እህቴ ወንበሯ ላይ ወጣች።

"ሊገዛ ነው! አትሂዱ!"

"በምን አወቅሽ?" አለች ባለካውያዋ።

"በጆሮዬ።"

"የስልክ ትምህርት! እኔ ከሰው አፍ ነው የተማርኩት።"

"ሰውዬው ግማሹን ውጦ ነዋ ያስተማረሽ!"

እትዬ ቁልፍ መነጽራቸውን አውልቀው አዩዋት። "ልጄ፣ እርግጠኛ ነሽ? ማዶ ያሉት ዛሬ እሺ ብለውኛል። ከነገ ወዲያ በዚህ ዕድሜዬ ማን ይቀጥረኛል?"

"እርግጠኛ ነኝ፣ እትዬ።"

"በይ እንግዲህ" ብለው መርፌያቸውን አነሱ። እሳቸው ሲቀመጡ ሁሉም ተቀመጠ። ባለካውያዋ እንኳን እየተነጫነጨች ካውያዋን ሰካች።

እኔ ደሞ ጠዋት ካርቶን ተሸክሜ በሚስተር አጠገብ ሳልፍ ነው ያቺን ቃል ያላት። ለኔ ቁልቁል ስትወርድ ነው የተሰማችኝ። እህቴን ጥግ ይዤ፣ "ወረደ እኮ፣ ቀና አላለም" አልኳት።

"ሌላ ቃል ሲከተለው ቀና አይልም። ዝቅ ብሎ ይቀራል። ስልኩ ላይ አለ።"

"ዝቅ ማለትና መውደቅ ምንና ምን ነው?"

"እጠይቀዋለሁ" አለች።

ሚስተር የቢሮውን በር ዘግቶ ዋለና ልክ በመውጫችን መኪናው ውስጥ ገባ። ሮጠች። ዘበኛው፣ "ኧረ ሬድዮ፣ ቀስ! ባትሪሽ ይወድቃል!" ይላታል። ጫማዋ ተበጠሰ፣ አልቆመችም። ሚስተር መስኮቱን ሲያወርድ እኔም ደረስኩ። እህቴ ትንፋሽዋ ተቆራርጦ፣ አንዱን ዝቅ አድርጋ፣ አንዱን ቁልቁል ጥላ፣ "ማይ? ማይ?" አለችው።

ሚስተር ሳቀ። አውራ ጣቱን ቀሰረና "ዱይ፣ ዱይ!" ብሏት ሄደ።

ዱይ "ልክ ነው" ማለት ነው። የትኛው ነው ልክ? ምናልባት ቃሉን እያጠናች መስሎት "ጎበዝ" ማለቱም ይሆናል።

አሁን ጫማዋን በኮሌታ ክር እየሰፋች ነው። ነገ ከሁሉም ቀድማ በሩ ላይ ልትቆም ነው። "የጭነት መኪና ማሽን ጭኖ ከመጣ እሰየው። ሊወስድ ባዶውን ከመጣ ደሞ ሚስተርን ሴቶቹ ፊት አቆመዋለሁ። የሚለውን ሁሉ፣ አንድ ቃል ሳልውጥ እተረጉምላቸዋለሁ።"

"ካልገባሽስ?"

"ድገም እለዋለሁ። ድገም ማለት እችላለሁ።"

ክሩን በጥርሷ በጥሳ ጫማውን አጠለቀችና መሬቱን ረገጥ ረገጥ አድርጋ ሞከረችው። ያዘላት። እኔ ግን እትዬ ቁልፍ መርፌያቸውን ሲያነሱ ከዓይኔ አልጠፋ ብሎኛል።

ነገ እንበላለን። ይሄን ጻፍኩና መልሼ ሳነበው፣ ጠብቆ ይሁን ላልቶ የሚነበበው አላውቅም።