የሐሬ መሻገሪያ ተረኞች

ሙዝ ነጋዴዋ ውብአየሁ ሰማይ ሲጠራም የምትፈራ ሴት ሆነች። በ1988 ሚያዝያ፣ ቆላው ላንቴ ፀሐይ ሆኖ ሳለ፣ ደጋው ጨንቻ ላይ በጣለው ዝናብ የሐሬ ወንዝ በድንገት ሞልቶ አንዲት ተማሪ ወሰደ። ከዚያ ወዲህ ወላጆች የሰፈሩን ልጆች ወደ ትምህርት ቤት በየተራ ያሻግራሉ።

ተራዋ በደረሰ ቀን የጨንቻ ተራራ ጠቁሮ ነበር። ውኃው ገና ከቁርጭምጭሚት አያልፍም፤ እሷ ግን መሻገሪያው ላይ እጆቿን ዘርግታ ቆመች።

“አንድም ልጅ እንዳይገባ!”

“እማዬ፣ ፈተና አለብን እኮ!” አለች ልጇ ፀደይ።

“ቁሚ ብያለሁ!”

ጎረቤቷ ሰይፈሥላሴ ከሙዝ ማሳው ሆኖ ሳቀባት። “አንቺ ሴትዮ፣ ደመና ባየሽ ቁጥር ትምህርት ልታስቀሪ ነው?”

ጎርፉ አልመጣም። ልጆቹ አርፍደው ቢሻገሩም የትምህርት ቤቱ በር ተዘግቶባቸው ተመለሱ። ፀደይ ቀኑን ሙሉ አኮረፈቻት።

በማግስቱ ተረኛው ሰይፈሥላሴ ነበር። ተራራው አሁንም ጠቁሯል። የገዛ ልጁ ወንዙ ውስጥ እግሩን ሊከት ሲል ክንዱን አፈፍ አድርጎ ያዘው።

“ውቤ፣ ኧረ ድረሽልኝ!” ብሎ ተጣራ። “እለፉ ማለት አቃተኝ።”

ውብአየሁ እየሮጠች መጣች። “ልጆቹን ያዝልኝ። እኔ ተሻግሬ፣ ተራራው ጠርቶ እስኪደርሱ በሩን እንዳይዘጉት ልለምን።”

ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ፣ ዓይኗን ከተራራው ሳትነቅል ውኃው ውስጥ ገባች።