ከቤት ቤት የሚዞር መጽሐፍ

ቦንጋ ውስጥ በአንድ መዋለ ሕፃናት ሳስተምር የሥዕል መጽሐፎች በካርቶን ታጭቀው መጡልን። አብዛኞቹ የተገነጠሉ ወይም ለትልልቅ ልጆች የሚሆኑ ነበሩ። አንዱን ግን ልጆቹ ወደዱት። የልዩ ልዩ አገር ሕፃናት ሲበሉ፣ ሲታጠቡ፣ ሲተኙ ያሳያል። በረዶ ላይ የቆመች ካፖርት የለበሰች ልጅ አለች፤ ጀልባ ላይ የሚኖሩ ወንድማማቾች አሉ፤ አሸዋ ላይ ተቀምጠው ከአንድ ገበታ የሚበሉ ልጆች አሉ። የኔዎቹ እነዚህን ልጆች ለመሳም ይጋፉ ነበር። ሥዕሉ በምራቅ እየራሰ ቢያስቸግረኝም ደስ ይለኝ ነበር።

ዓርብ ዓርብ መጽሐፉ በተራ ከአንድ ልጅ ጋር ወደ ቤት ሄዶ ሰኞ ይመለሳል። ሐሳቡን ያመጣሁት እኔ ነኝ። ቦንጋ ዝናብ ከያዘ ልጅ ከቤት ስለማይወጣ ወላጆችም አብረው ያዩታል ብዬ ነው።

በዚያ ዓመት አንዲት የማንጆ ልጅ ተመዘገበች። ለማያውቅ ሰው ልንገር፤ ማንጆዎች የካፋን ቋንቋ የሚናገሩ፣ ጫካ ዳር የሚኖሩ፣ ለከተማው ከሰልና ማገዶ የሚያመጡ ሰዎች ናቸው። ከሰላቸው ቤት ይገባል፣ እነሱ አይገቡም። አብሯቸው የሚበላ የለም፤ የጠጡበትን ዕቃም የሚነካ የለም። አያቴ ከሰሜን መጥቶ እዚህ የቀረ ሰው ነው፣ እኛም ቤት ያው ነበር። እናትየዋ ልጇን ይዛ ስትመጣ ከበሩ ውጪ ቆመች። “ይግቡ” ስላት ሌላ ሰው ያናገርኩ መስሏት ወደ ኋላዋ ዞራ አየች።

“እትዬ፣ እሷ ትማር። እኔ እዚሁ እሆናለሁ” አለችኝ።

ልጅቷ ነቃ ያለች ነበረች። የበረዶዋን ልጅ እንዳየች “እናቷ የት አለች?” ብላ ጠየቀችኝ። ከዚያ በፊት ይህን የጠየቀ ልጅ አልነበረም።

ተራዋ ሲደርስ መጽሐፉን በፌስታል ጠቅልላ ወሰደች፣ ሰኞ በንጽሕና መለሰችው። በሚቀጥለው ዓርብ ተረኛው ልጅ እጆቹን ሹራቡ ውስጥ ከተተ።

“እማዬ እንዳትነካው ብላኛለች” አለኝ።

ከሱ ቀጥላ ላለችው ልጅ ብሰጣት እሷም እንቢ አለች። ከዚያ ወዲያ ያንን መጽሐፍ የሚስም አልተገኘም።

ሰኞ ጠዋት እናቶች ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ገቡ። ጨዋ ሴቶች ናቸው፤ አንዷ ጎረቤቴ ነች፣ ሳልታመም እንኳ የምትጠይቀኝ። “ልጅቷን ጠልተን አይደለም። መጽሐፉ ግን እነሱ ቤት ገብቷል” አለች ረጋ ብላ። ይህ ካልተስተካከለ ልጆቻቸውን እንደሚያስወጡ ተናግረው ሄዱ።

ርዕሰ መምህሩ ከሌላ አካባቢ ተመድቦ የመጣ ሰው ነው። ያን ሰሞን ልጆቹን ለብሔር ብሔረሰቦች ቀን ጭፈራ እያዘጋጀን ስለነበር ወሬ እንዲነሳ አልፈለገም።

“ይሄ ኢሹ ወረዳ ሳይደርስ እዚሁ እንፍታው። መጽሐፉን ለልጅቷ እንሸልማት፣ ጎበዝ ናት ብለን። ማንም አይከፋውም” አለኝ።

“እሷስ?” አልኩት።

“እሷማ ደስ ይላታል።”

ተከራከርኩት፤ ድምፄም ከፍ ብሎ ነበር። ልጆቹ ከወጡ ክፍሉ እንደሚዘጋ ነገረኝና ወደ ሌላ ሥራው ዞረ። ያ “ደስ ይላታል” ያለው ነገር እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል፣ ምክንያቱም እውነቱን ነበር።

ሽልማቱ ሰልፍ ላይ ተሰጠ። አጨብጭቡ ተባሉ፣ ልጆቹም አጨበጨቡ። ልጅቷ መጽሐፉን ደረቷ ላይ አቅፋ ዋለች፤ ምሳዋንም የበላችው በአንድ እጇ ነው። ፊቷን ማየት አቃተኝ።

ከሰዓት እናቷ መጥታ በሩ ጋ ቆመች። ልጅቷ ሮጣ ሄዳ “የኔ ነው! ለኔ ብቻ ነው የሰጡኝ” አለቻት። እናትየዋ መጽሐፉን አልተቀበለቻትም። ቀና ብላ አየችኝ።

“እትዬ፣ ለሌሎቹ ልጆችስ ሰጣችኋቸው?”

“አልሰጠናቸውም።”

“እሷ ከመለሰችው ወዲህ የወሰደው ልጅ አለ?”

“የለም” አልኳት። መዋሸት እችል ነበር፤ ግን እሷን ለማታለል የሚበቃ ውሸት ከየት ይመጣል?

አልተቆጣችም። ብትቆጣ በወደድኩ። የልጇን ነጠላ ጫማ ጎንበስ ብላ አስተካከለችላትና ጠጋ ብላኝ፣ ልጅቷ እንዳትሰማ በዝግታ፣ “ከእንግዲህ አላመጣትም” አለችኝ።

“ሰኞ መመለስ የለብኝም አይደል?” አለችኝ ልጅቷ፣ መጽሐፉን ወደ ላይ ከፍ አድርጋ እያሳየችኝ።

“የለብሽም” አለቻት እናቷ በኔ ፋንታ።

ልጅቷ ጭቃውን እየዘለለች ከፊት ከፊት ሄደች። የምታውቀው መጽሐፉን ሰኞ እንደማትመልስ ብቻ ነበር።