የመሪጌታ ሣጥንና አናጢው አማች

ወረታ ውስጥ አልጋ ያሠራ ሰው ሁሉ አናጢውን ደስታውን ያውቀዋል። የሥራ ቤቱ ወደ ደብረ ታቦር በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ባጃጆች ተሰልፈው ሰው ከሚጠብቁበት አጠገብ ነው። ቁመቱ አጠር፣ ወሬው ረዘም ያለ ሰው ነው። አልጋ ሊገዛ የመጣውን ሁሉ እጁን ይዞ ራስጌውን እያስዳሰሰ «እስቲ ፈልግ! ሻካራ ካገኘህበት በነጻ ውሰደው!» ይለዋል። እስካሁን በነጻ የወሰደ የለም። ቫርኒሹ ፊት ያሳያል፤ ሊገዙ የመጡ ሴቶች ሻሻቸውን ያስተካክሉበታል። እሱም ይህን እያየ ደስ ይለውና ፎቶ አንስቶ ቴሌግራም ላይ ይለጥፈዋል።

ሥራውን ያላደነቀለት አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ያም ሰው የሚስቱ አባት መሪጌታ አዛናው ናቸው። መሪጌታ ከርብ ወንዝ ማዶ ባለች የገጠር ደብር ሲያገለግሉ፣ ብራና ላይ ዳዊት ሲጽፉ የኖሩ ቁም ጸሐፊ ናቸው። ልጃቸውን ሠርካለምን ለካህን ሊድሩ አስበው ነበር። እሷ ግን ከቆሎ ትምህርት ቤት አፈትልኮ መጋዝ የጨበጠውን ደስታውን አገባች። ይኸው አሥራ ስምንት ዓመታቸው። መሪጌታ አማቻቸውን አይቆጡትም፣ አይሰድቡትም፤ ሲመጣም ጠላ ያስቀዱለታል። ብቻ እሱ ለፍቶ የሠራላቸውን ባለመደገፊያ ወንበር «እንጨቱ» ነው የሚሉት። «እንጨቱን ወዲህ አቅርቡልኝ» ይላሉ፤ ደስታውም በሰማ ቁጥር ያርራል። ከእኒህ ሰው አፍ አንዲት መልካም ቃል ብትወጣለት የዓመት ሥራውን ቢሰጥ አይቆጨውም ነበር።

ባለፈው ነሐሴ ርብ ሞላና ሜዳው ላይ ተኛ። ሩዙንም ቤቱንም ውኃ ገባው። ጎረቤት ተረባርቦ የመሪጌታን ዕቃ በአህያ ጭኖ ወደ ደረቁ ሲያወጣ አህያዋን ጭቃው አንሸራተታትና የጽሕፈት ሣጥናቸው ድንጋይ ላይ ወደቀ። ክዳኑ ለሁለት ተሰነጠቀ፤ አንዱ ጎኑም ተገነጠለ። ከዋንዛ የተሠራ፣ ክዳኑ ብራና እንዲደገፍበት ዘመም ያለ ሣጥን ነው። ውስጡ የብርዕ ማስቀመጫና የቀለም ቀንድ ማቆሚያ አለው፤ በአንዱ ጥግ ደግሞ አንዲት ትንሽ ጎድጓዳ ተፈልፍላበታለች። በዕድሜ መሪጌታን ይበልጣቸዋል፤ የመምህራቸው ነበር።

ሠርካለም «ቤቱ እስኪደርቅ እኔ ዘንድ ይቆይልዎ፣ አባባ» ብላ ወረታ አመጣችው። ደስታው ሲያየው ዓይኑ በራ።

«ይኸንን ለኅዳር ሚካኤል እንዳዲስ አርጌ በስጦታ ባልሰጣቸው ከሰው አትቁጠሪኝ!» አላት።

ሠራውም። ሰውየው ጉረኛ ነው፤ እጁ ግን ጉራውን አያሳፍረውም። የተሰነጠቀውን ክዳን በኮላ ገጥሞ፣ በገመድ ጠፍሮ አሰነበተው። ለተገነጠለው ጎን የሚሆን ከአሮጌ በር የወጣ ደረቅ ዋንዛ ፍለጋ ይፋግ ገበያ ድረስ ሄደ። ሚስማር የሚባል ሳያስነካው በእንጨት ችንካር አያያዘው። አሮጌውና አዲሱ የት ላይ እንደተጋጠሙ ራሱ በጣቱ ፈልጎ አጣው። እዚህ ላይ ቢያቆም ምን ነበረበት!

ግን ደስታው ቆሻሻ አይወድም። የሣጥኑ ውስጥ ጠቁሯል፤ ጥጉ ላይ ባለችው ጎድጓዳ ውስጥማ አንዳች ጥላሸት የመሰለ ነገር ጣት ያህል ወፍሮ ደርቋል። «እኒህ ሰው ስንት ዘመን ሳይወለውሉት ኖሩ?» እያለ በመሮ ፈነቀለው፤ በብርጭቆ ወረቀት ፈተገው፤ ሁለት ጊዜም ቫርኒሽ ቀባው። ሲጨርስ ጎድጓዳዋ እንደ አልጋ ራስጌ አበራች።

ለበዓሉ አራት ቀን ሲቀረው ሠርካለምን ጠርቶ ጨርቁን ገለጠላት። ክዳኑን ዳሰሰች፣ ጎኑን ዳሰሰች፣ ባሏን አየት አድርጋ ፈገግ አለች። ከዚያ ከፈተችው።

«ያ ጥቁሩ የታለ?»

«የቱ ጥቁር?»

«እጥጉ ላይ የነበረው ነዋ!»

«ቆሻሻው? አጸዳሁት እንጂ!»

ሠርካለም ሁለት እጇን ራሷ ላይ ጫነች። «ወይኔ ልጅቱ! የቀለሙ እርሾ እኮ ነው! አባባ አዲስ ቀለም ባዘጋጁ ቁጥር ከዚያ ቆንጥረው ሳይጨምሩ ብርዕ አያነሡም። ከመምህራቸው የተቀበሉት ነው፤ መምህራቸውም ከመምህራቸው። አንተ ሰው፣ ምን ጉድ ሠራኸኝ!»

ደስታው ዘሎ የሥራ ቤቱን ወለል ማሰስ ጀመረ። ፍቅፋቂው የት ሄደ? ከሰጋቱራው ጋር። ሰጋቱራውስ? ጎረቤታቸው እትዬ ማናዬ ለጫጩቶቻቸው ላነጥፍ ብለው በማዳበሪያ ከረጢት ወስደውታል።

እናም ስመ ጥሩው የወረታ አናጢ በጠራራ ፀሐይ በእንብርክኩ የዶሮ ቤት ገባ። እትዬ ማናዬ በሩ ላይ ቆመው «ምን ጠፋህ ልጄ? ወርቅ ነው?» ይሉታል።

«ከወርቅ ይብሳል፣ እትዬ።»

ጥቁር ነገር ባየ ቁጥር ያነሣል፣ ያሸታል፣ ይጥላል። ጫጩቶቹ የቀለሙን ፍርፋሪ ጥሬ መስሏቸው ለቅመው ጨርሰውት ኖሮ፣ ከመሪጌታ መምህር መምህር የመጣ ቅርስ በሆዳቸው ይዘው ዙሪያውን ጭው ጭው ይላሉ።

በማግሥቱ አንድ የማይረባ ሐሳብ መጣለት። ያለቀ የባትሪ ድንጋይ ሰብሮ ከሰሉን ፈጨና በሙጫ ለወሰው። ቁርጥ ቀለም! ጎድጓዳዋ ውስጥ ቢደርቅ ማን ይለየዋል? ሦስት ጊዜ ሊያፈስበት ተነሣ፤ ሦስት ጊዜም እጁ እምቢ አለው። በመጨረሻ ምናልባት መንገድ ላይ ልቤ ይጨክን ይሆናል ብሎ በትንሽ ብልቃጥ አድርጎ ኪሱ ከተተው። ለሠርካለም አልነገራትም። ሦስቱንም ሌሊት እንቅልፍ የሚባል አላየም።

በሚካኤል ዕለት ታቦቱ ከገባ በኋላ የመሪጌታ ቤት በሰው ሞላ። ደስታው ሣጥኑን በነጭ ጨርቅ እንደተሸፈነ በሁለት እጁ አቀረበ። መሪጌታ ዓይናቸው ደከም ብሏል፤ ዕቃን የሚያውቁት በጣታቸው ነው። ክዳኑን ዳሰሱ። የተሰነጠቀበትን ቦታ ፈለጉ፤ አጡት። እንደገና ፈለጉ።

«መልካም ሥራ ነው» አሉ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ።

አሥራ ስምንት ዓመት የጠበቃት ቃል ይህችው ነበረች። መጥታም አልጣመችውም። ሽማግሌው ክዳኑን ሊያነሡ ሲሉ እጃቸውን ያዛቸው።

«ይቆዩ መሪጌታ። አይክፈቱት።»

ከዚያ ሁሉንም ተናዘዘ፤ መሮውን፣ ብርጭቆ ወረቀቱን፣ ሰጋቱራውን። ጫጩቶቹ ጋ ሲደርስ አንዱ እንግዳ ፈንድቶ ሳቀና የሰውን ፊት አይቶ ዋጠው። በመጨረሻ ብልቃጧን ከኪሱ አውጥቶ ፊታቸው አኖራት። «ይኸንንም ላታልልዎ ብዬ ነበር» አለ። ሠርካለም ብልቃጧን አየች፣ ባሏን አየች፣ ነጠላዋን ወደ አፏ ወሰደች።

መሪጌታ ብልቃጧን በጣታቸው ወደ ጎን ገፋ አደረጓት።

«መምህሬ ካረፉ አርባ ሁለት ዓመታቸው» አሉ ቀስ ብለው። «ከእጃቸው የቀረኝ ያ ብቻ ነበር።»

ደስታው መሬት ተከፍታ ብትውጠው ደስ ባለው። ሽማግሌው ግን ክዳኑን ከፈቱና ጣታቸውን ወደ ጎድጓዳዋ ሰደዱ። ጎድጓዳዋ አፏ ጠበብ፣ ሆዷ ሰፋ ያለ ናት። ጣታቸውን ከከንፈሯ ሥር አዙረው፣ በጥፍራቸው ቆርቆር አድርገው አወጡት። ጥፍራቸው ጠቁሯል።

«ይኸንን ለምን ተውኸው?»

ደስታው አቀረቀረ። መሮው እዚያ ድረስ አልታጠፍለት ብሎ ነበር፤ ብርጭቆ ወረቀቱም አልገባለት። እንዲህ ያለ ነገር ደግሞ አፍ አውጥቶ መናገር ለአናጢ ሞት ነው። «አይታይም ብዬ ነው» አለ፣ ከጥፋቱ ሁሉ ይልቅ በዚህ አፍሮ።

«እንኳንም ሰነፍህ!» አሉ መሪጌታ። «እንኳንም ሰነፍህ፣ ተመስገን!» ብለው ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ፤ ቤቱም አብሮ ሳቀ፤ ያ ቀድሞ የሳቀው እንግዳም ያፈነውን ለቀቀው።

ውኃ አስመጡ። የፋቁትን በእንስራ ስባሪ ላይ አድርገው ሁለት ጠብታ ጣል አደረጉበትና በብርዕ ጫፍ አሹት። ቀለሙ ቀስ እያለ ተነሣ። ከዚያ ዳዊታቸውን ከማኅደሩ አውጥተው የመጨረሻውን ቅጠል ገለጡ፤ በየማለዳው ሲደግሙ የሚያስቧቸው ሰዎች ስም እዚያ ተደርድሯል። ከላይ የመምህራቸው፣ ከዚያ የእናት የአባታቸው፣ የሟች ባለቤታቸው፣ የሠርካለም። ከሠርካለም በታች ባዶ ነው።

ቀና አሉ። «ስመ ክርስትናህ ማን ነው?»

ደስታው መጀመሪያ ለሌላ ሰው የተናገሩ መሰለው። ስንት ጠላ ጠጥቶ፣ ስንት በዓል ውሎ በወጣበት ቤት ይህን ጠይቀውት አያውቁም።

«ወልደ ሰንበት» አለ፣ ድምፁ ቀጥኖ።

ሽማግሌው ብርዑን ነክረው ብራናው ላይ አሳረፉት። ፊደሎቹ አንድ በአንድ፣ ቀጥ ብለው፣ ጥቁር ሆነው ወጡ። ደስታው ስሙን ሊያይ ጎንበስ አለ፤ ጎንበስ ባለበትም እንባው መጣ።

«ዞር በል አንተ!» አሉ መሪጌታ፣ ብራናውን በመዳፋቸው እየከለሉ። «ይኸንንም ልታጠፋው ነው?»