የዘለልነው ሐሙስ

ነገሩ የሆነው በደርግ ጊዜ፣ ወንድሜ ሚሊሺያ ሆኖ በዘመተበት ዓመት ነው። ይኸው አርጅቼም ነፍሰ ጡር መንገድ ላይ ሳይ ፊቴን አዞራለሁ። ለሰው ተናግሬው አላውቅም።

ወንድሜ ሲሄድ ሚስቱን ደብሬን ለእኔ ለታላቅ እህቱ ትቶ ነው። "እትዬ፣ አደራሽን" አለኝ። ደብሬ ከዚያ በፊት ሁለት ልጆች ቀናቸው ሳይደርስ ወልዳ አልተረፉላትም። በሦስተኛው ጎንደር ያለ ዶክተር ጽንሱን የሚያጸና የሆርሞን መርፌ አዘዘላት፤ በየሳምንቱ፣ ሳይዘለል። መድኃኒቱን ገዝተን ዳባት አንድ ድሬሰር ዘንድ አስቀመጥን። ሐሙስ ሐሙስ ሁለት ሰዓት በእግር ሄደን ትወጋለች። ዘይት የመሰለ ወፍራም ነገር ነው፤ ስትመለስ ታነክሳለች። አማርራ ግን አታውቅም።

ሰባተኛ ወሯን ልትይዝ ስትል፣ አንድ ሐሙስ ጠዋት ጎረቤታችን ሽማግሌው ሞቱ ተባለ። አባታችን የሞተ ጊዜ ሦስት ቀን ሙሉ አብረውን የተቀመጡ ሰው ናቸው። ነጠላዬን አዘቅዝቄ ተነሣሁ።

"እትዬ፣ መርፌውስ?" አለችኝ።

"በስመ አብ! ሰው ሞቶ ዳባት ስትሄጂ ቢያዩሽ ምን ይሉናል?"

"ዶክተሩ አንድም እንዳይቀር ብሎኝ የለ?"

"አንድ መርፌ ቢቀር ምን ትሆኛለሽ! ከሰው አታቀያይሚኝ፤ ነይ ተነሽ።"

ተነሣች። ምን ታድርግ? ያን ቀን ቀበርን፣ ዓርብ ለቅሶ ተቀመጥን፣ ቅዳሜ ሰልስት ሆነ። ከዚያ በኋላማ፣ "ሐሙስ ደርሷል፤ የሁለቱን ሳምንት አንድ ላይ ትወጊያለሽ" አልኳት። አወይ ድንቁርናዬ!

ረቡዕ ጠዋት ምጥ ያዛት። ቃሬዛ ሳይዘጋጅ ወንድ ልጅ ተወለደ። ቀትር ሳይሆን አረፈ። ክርስትና ስላልተነሣ ፍትሐት የለ፣ ለቅሶ የለ። ጎረቤቱ ብቅ እያለ "እንኳን አንቺን ማርያም ማረችሽ" ብሏት ወደ ሥራው ሄደ። እንግዲህ ይሉኛል ብዬ የፈራሁት እነዚህኑ ሰዎች ነው።

ወንድሜ በዓመቱ ተመለሰ። ምሳ እየበላ፣ "መርፌውን ሳታቋርጥ ተወግታ ነበር?" ብሎ ጠየቀኝ።

"አንድም አልቀረባት" አልኩ። አፌን በቆረጠው!

ደብሬ ወጥ ልትጨምርለት አጠገቡ ቆማለች። ቀና ብላ አየችኝ። እውነቱን እስክናገር የጠበቀች ይመስለኛል። ከዚያ ወጡን ጨመረችለትና ወጣች።

ወንድሜ "መርፌም ካልያዘላት እንግዲህ የእሷ ነገር አበቃ" ማለት አመጣ። ብዙም ሳይቆይ ፈታትና ደባርቅ ወላጆቿ ዘንድ ሄደች። ስሸኛት እንኳ ጉልበቴን ስማኝ ነው የተለየችኝ።

መርፌው ባይቀር ልጁ ይተርፍ ነበር ወይ? አላውቅም፤ ይህንን እግዜር ይወቀው። ትዳሯን ግን ያፈረስኩት እኔ ነኝ። ወንድሜም ሳልነግረው ሞተ። ደብሬ ዛሬም ደባርቅ አለች፣ ቤቷን አውቀዋለሁ። በመኪና አንድ ሰዓት ቢሆን ነው። አንድ ቀንም አልሄድኩም።