በሁዳዴ ያሳቅኋቸው ሴቶች

አሰበ ተፈሪ ነርስ ሆኜ ተመድቤ ስመጣ ከጎጃም ይዤው የመጣሁት ዳዊቴንና አስተዳደጌን ነበር። በእኛ ቤት ስለ ሞት ሲወራ ድምፅ ዝቅ ይላል፤ በዚያ ሰዓት ጥርሱን የሚያሳይ ሰው አሳዳጊ የበደለው ይባላል።

በጤና ጣቢያው ግቢ፣ ግራሩ ሥር፣ ለሴቶች የመጀመሪያውን ትምህርት ስሰጥም በዚያው ልማዴ ነው የቆምሁት። የማስተምረው ስለ መንጋጋ ቆልፍ ነበር። ሕፃናቱ በደህና ይወለዱና ሳምንት እንኳ ሳይሞላቸው ጡት መያዝ ያቅታቸዋል፤ አፋቸው ይገጥማል፤ ገላቸው እንደ እንጨት ይደርቃል። ነገሩ የሚመጣው እትብት ከሚቆረጥበት ስለት ነው። ሣር ያጨዱበት ማጭድ ይሁን የዛገ ምላጭ፣ እጅ በገባው ሁሉ ይቆረጣል፤ ቁስሉም ላይ ቅቤ ይቀባል። ስለቱንና ማሰሪያ ክሩን ማፍላት፣ ቅቤውንም መተው፣ በቃ። እኔ ግን በመድኃኒቱ መጀመር ሲገባኝ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ "ልጆቻችሁ እየሞቱ ነው" አልሁ።

ሴቶቹ ወደ ጎን እንትፍ እንትፍ አሉ። እርጉዞቹ ሆዳቸውን በሻሻቸው ሸፍነው ተነሡ። ግራሩ ሥር ብቻዬን ቀረሁ።

ቤት ያከራዩኝ ሴት ከጉራጌ አገር የመጡ እስላም ነጋዴ ነበሩ፤ ልጃቸው ሱቁን ይይዛል፣ እሳቸው ደግሞ የግማሹን ከተማ ልጅ አዋልደዋል። ምራታቸው ሁለት ልጆች ወልዳ ሁለቱንም በዚሁ በሽታ አጥታ፣ አሁን ሦስተኛውን ይዛ መውለጃዋ ደርሶ ነበር። የዚያን ቀን ማታ አሮጊቷ በር ላይ ጠበቁኝ።

"ሲስተር፣ እናት የለሽም?"

"አሉኝ፣ እናቴ።"

"ታዲያ እርጉዝ ፊት ሞት እንደማይጠራ አልነገሩሽም? ጠርተሽው ቢመጣ ማን ይመልሰዋል? አስተግፊሩላህ!"

"እኔ እኮ ለምራትዎ ብዬ..."

"ለምራቴ ብለሽ ዝም በይ።"

ከዚያ ወዲያ ሰላምታቸውን አልከለከሉኝም፤ ምራታቸውን ግን ከዓይኔ ሰወሯት። ልጅቷን የሚያዋልዱት እሳቸው፣ የሚቆርጡትም እሳቸው ናቸው። እሳቸው ካልሰሙኝ ሦስተኛውም እንደ ሁለቱ ሊሆን ነው። ያ ልጅ እኔ መናገር ባለማወቄ እንዳይጠፋ ወሰንሁ። እንዴት እንደምናገር ግን አላውቅም ነበር።

በገበያ ቀን በጫት ተራ ሳልፍ አንድ ሰውዬ ሚስቱን ይቆጣል። "ቅቤ የነካ እጅ ጫት ይነካል? ሂጂ ታጠቢ!" ሴትየዋ እንደ ተቃጠለች እጇን ሰበሰበች። እሱ ጫቱ ላይ ውሃ እፍ እፍ አለበት፤ በሙዝ ቅጠል ጠቀለለው፤ ጥላ ፈልጎ አስተኛው። ለልጁ እትብት እንዲህ የሚጠነቀቅ አባት አላየሁም ብዬ ተናደድሁ። ወዲያው ደግሞ ሳቄ መጣ፤ በሁዳዴ፣ በመንገድ ላይ! ነጠላዬን አፌ ላይ አድርጌ ሮጥሁ።

ነፍስ አባቴ ዘንድ ሄድሁ።

"አባቴ፣ ሕፃናት ስለሚጠፉበት ነገር ሰው እያሳቅሁ ብናገር ይፈረድብኛል?"

"በማን ልታስቂ ነው? በእናቶቹ?"

"ኧረ በስማም! በባሎቹ።"

መቋሚያቸውን ተደገፉ። "ባሎቹ ይችሉታል። ስትጨርሺ ግን ስገጂ፤ ሳቅ ሲጣፍጥ ማቆሚያ የለውም።"

የቀረው ጫቱን መግዛት ነበር። ባለጫቷ ስታየኝ ጮኸች። "ሲስተር! አንቺም ገባሽበት?"

"ለሥራ ነው" አልኋት።

"እሱማ ሁሉም ለሥራ ነው የሚለው።"

አከራዬን ራሴ ለመንኋቸው። "እናቴ፣ ይምጡ። ያንን ስም ከጠራሁ ደብድበው ያስወጡኝ።"

"ዱላዬን ይዤ ነው የምመጣው" አሉ፤ ይዘውም መጡ። ምራታቸውን ግን ቤት ዘግተውባት ነበር።

ሴቶቹ ግራሩ ሥር ተቀመጡ፤ አማርኛ ለማይሰሙት ጎረቤቶቻቸው በኦሮምኛ ያቀብሉላቸዋል። የጫቱን እስር እንደ አራስ ልጅ ታቅፌ ብቅ አልሁ።

"እንግዳ መጥቶብናል፤ ከጫቱ አገር ከበደሳ ነው የመጣው" አልሁ። "አባትየው እጁን ሳይታጠብ አይነካውም። ፀሐይ አይየው፣ ንፋስ አይምታው ይላል።" ውሃ ረጨሁበት፤ በቅጠል ጠቀለልሁት፤ በአዲስ ክር አሰርሁት፤ እሹሩሩ አልሁት። ከኋላ አንዷ ፍርፍር አለች።

"ሲስተር፣ ባሌን የት አየሽው?"

"የሁላችንንም ነው ያየችው!" አለች ሌላዋ።

ሳቁ ሲሞቅ ከዘበኛው የተዋስሁትን ማጭድ አወጣሁ። ዝገቱን እያሳየሁ፣ "ወራሹ፣ ስም አስጠሪው ሲመጣ ደግሞ፣ አባትየው ይህን ይሰጣችኋል" አልሁ። መጀመሪያ ሳቁ። ከዚያ ሳቁ ባንዴ ቆመ፤ ሁሉም ማጭዱን ያያሉ። ምላጭና ክር ከድስት ከትቼ ላምባ ምድጃው ላይ ጣድሁና ውሃው እስኪንተከተክ አብረን ተቀመጥን።

አሮጊቷ አልሳቁም ነበር። ዱላቸውን ተደግፈው ተነሡ።

"ከፈላ በኋላ በምን ይወጣል? በእጅ?"

"ባልታጠበ እጅ ከነካነውማ እንደገና ማፍላት ነው፣ እናቴ። ውሃውን አጥልሎ እጅን በሳሙና መታጠብ፤ ከዚያ ምላጩን በማይቆርጠው ጫፉ ብቻ መያዝ።"

"እትብቱስ ላይ?"

"ምንም።"

"ቅቤም?"

"ቅቤ ለጫት እንኳ አይሆንም ተብሏል።"

የአፋቸው ጥግ ፈገግ ሊል ቃጣው፤ ፊታቸውን አዙረው ሄዱ። እኔም ቤቴ ገብቼ ጉልበቴ እስኪዝል ሰገድሁ።

የምራትየዋ ምጥ የመጣው አንድ ማለዳ ነው። ከግቢው ማዶ የአሮጊቷን ድምፅ ሰማሁ። "ሲስተር! ነይ እንጂ! ይሄ ምላጭ ሽሮ መሰለሽ? እስከ መቼ ላፍላው?" ገብቼ አጠገባቸው ተቀመጥሁ። የቆረጡት እሳቸው ናቸው፤ እኔ እጄን አላስገባሁም። አንዲት ጎረቤት ቅቤ በቅል ይዛ ስትመጣ በዱላቸው ከደጅ መለሷት።

ከዚያ ያለው ሳምንት ክፉ ነበር። ውሃ የምቀዳ እየመሰልሁ በራቸው ሥር አልፋለሁ፤ ልጁ ሲያለቅስ እቆማለሁ፤ ዝም ሲል ይብሳል።

ሳምንቱ ሞልቶ ባለፈ ማግሥት ጠዋት ላይ በሩ ተከፈተ። "አልሐምዱሊላህ በይ" አሉኝ። ክርስቲያን መሆኔን ዘንግተውት ይሁን አውቀው፣ እንጃ። "ግቢ፤ አፉን እይ።"

ገባሁ። ሕፃኑ ጡቱን ግጥም አድርጎ ይዞ፣ ጉንጩ እየገባ እየወጣ ይስባል። ምራትየዋ ፊቷን አኮሳትራ ዓይኗን ጨፍናለች።

"ሲስተር፣ ያማል" አለችኝ። "በጣም ነው የሚስበው።"

"ግድ የለም፣ ይመም" አልኋት።